የቆላ ሙቀትና የደጋ ማለዳ፦ ለፒክአፕ መኪና ምትክ ባትሪ ስለ መምረጥ

የመኪና ባትሪ ዋና ሥራ ቁልፉ በተጠመዘዘ ቅጽበት ለሞተሪኖው፣ ማለትም የቆመውን ሞተር አሽከርክሮ ለሚያስነሣው የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ለጥቂት ሰከንዶች ብዙ መቶ አምፒር ማቀበል ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የመብራቱን፣ የነዳጅ መርጫውንና የሬዲዮውን ፍላጎት የሚሸፍነው በቺንጋ የሚዞረው ዲናሞ ሲሆን፣ ባትሪው በዚያ ጊዜ የሰጠውን መልሶ እየተቀበለ ለሚቀጥለው ማስነሣት ይዘጋጃል። በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የሚታዩት የቶዮታ ሃይሉክስና የአይሱዙ ዲማክስ ፒክአፖች ብዙዎቹ የናፍታ ሞተር ያላቸው በመሆናቸው፣ የናፍታ ሞተር ደግሞ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በብልጭታ ሳይሆን አየርን ከ15 እስከ 20 እጥፍ በሚደርስ መጠን አምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ስለሆነ፣ ይህን እመቃ አሸንፎ ሞተሩን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል ተመሳሳይ መጠን ካለው የቤንዚን ሞተር በእጅጉ ይበልጣል። በዚህ ላይ የጠጠር መንገዱ ንዝረት፣ ከኮፋኖው ሥር የሚታመቀው ሙቀትና ባለቤቱ መኪናውን ከገዛ በኋላ የጨመራቸው ዕቃዎች ሸክም ይደመራሉ። ከዚህ የተነሣ ምትክ ባትሪ የሚፈልግ ሰው በሱቁ መደርደሪያ ላይ ትልቁ ቁጥር የተጻፈበትን ከመፈለጉ በፊት፣ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው የት እንደሆነና ምን ተሸክሞ እንደሚውል ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

በባትሪው ውስጥ የሚካሄደው ነገር ከተገለጸ የምርጫው ምክንያት ራሱ ግልጽ ይሆናል። ዛሬም በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ የሚሠራውን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ መጀመሪያ የሠራው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የአገሩ ሰው ካሚል ፎር በ1881 የእርሳስ ሰሌዳዎችን በእርሳስ ውህድ ሊጥ መቀባትን በማስተዋወቁ ባትሪው በፋብሪካ በብዛት ሊመረት ቻለ። አሜሪካዊው ቻርለስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ በእጅ የሚዞረው የማስነሻ ብረት ቀስ በቀስ ቀርቶ ባትሪ ለመኪና የግድ አስፈላጊ ሆነ። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ በውስጡ ስድስት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። አዎንታዊው ሰሌዳ እርሳስ ዳይኦክሳይድ፣ አሉታዊው ደግሞ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ንጹሕ እርሳስ ነው፤ ሁለቱም በውሃ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይጠልቃሉ። ባትሪው ኤሌክትሪክ ሲሰጥ የሁለቱም ሰሌዳዎች ገጽ ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለወጣል፣ አሲዱም ይበልጥ ይቀጥናል፤ ሲሞላ ሂደቱ ይገለበጣል። ነገር ግን ባትሪው ባዶውን ለሳምንታት ከተተወ ሰልፌቱ ወደ ጠንካራ ክሪስታል ስለሚለወጥ፣ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢሞላ የቀድሞውን አቅሙን መልሶ አያገኝም።

ሙቀት ገዳይ፣ ብርድ አጋላጭ

ብዙ ሹፌሮች የባትሪ ጠላት ብርድ እንደሆነ ያምናሉ፤ ይህን እምነት ያሳደረባቸውም መኪና አልነሣም ብሎ የሚያስቸግረው በማለዳ ቅዝቃዜ በመሆኑ ነው። እውነታው ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነው። በባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካዊ ሂደት የሙቀት መጠኑ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል፤ ከሚፋጠኑት ሂደቶች መካከል ደግሞ ሰሌዳዎቹን የሚሸከመው የእርሳስ መረብ መዛግና የውሃው መትነን ይገኙበታል። ስለዚህ ዘወትር በሙቀት ውስጥ የሚሠራ ባትሪ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ከሚሠራ መሰሉ በጣም ቀድሞ ያረጃል፤ እርጅናው ግን ወዲያው አይታወቅም፣ ምክንያቱም ሙቀት ባትሪውን በሚያዳክምበት በዚያው ሰዓት ኬሚካዊ ሂደቱን ስለሚያፋጥንና የሞተር ዘይቱን ስለሚያቀጥን፣ የተጎዳው ባትሪም ቢሆን ሞተሩን ያለችግር ያስነሣዋል። ብርድ በአንጻሩ ባትሪውን ብዙም አይጎዳም፤ የሚያደርገው ነገር አቅሙን ለጊዜው መቀነስ ነው። በዜሮ ዲግሪ አካባቢ አንድ ጤነኛ ባትሪ የሚሰጠው የማስነሻ ኃይል በሞቃት ቀን ከሚሰጠው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሲሆን፣ በዚያው ሰዓት የቀዘቀዘውና የወፈረው ዘይት ሞተሩን ለማዞር ከበድ ያለ ጉልበት ይጠይቃል።

የኢትዮጵያ የመሬት አቀማመጥ ይህን ልዩነት በአንድ ጉዞ ውስጥ ያሳያል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽ በኩል ወደ ሰመራና ወደ ጋላፊ የሚወርድ ፒክአፕ፣ በዓለም ላይ ሰው ከሚኖርባቸው እጅግ ሞቃት ቦታዎች መካከል የሚቆጠሩትን የአፋር ቆላዎች ያቋርጣል፤ ከኮፋኖው ሥር ያለው ሙቀት ደግሞ ከውጭው አየር በብዙ ይልቃል። ባትሪው ለሳምንታት በዚያ ሲሠራ ይጎዳል፣ ነገር ግን ሳይታወቅ ይቆያል። መኪናው ወደ ደጋው ተመልሶ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ ሲቆም፣ የጠፋው አቅም በድንገት ይገለጣል፤ ሹፌሩም ጥፋቱን በብርዱ ላይ ይጭናል። የሁመራ፣ የጋምቤላና የድሬዳዋ መኪኖችም ታሪካቸው ተመሳሳይ ነው። ይህን የተረዳ ገዢ ባትሪ ሲመርጥ የሚያስቀድመው ሙቀትን መቋቋሙን ነው፤ የማስነሻ ኃይልን በተመለከተ የመኪናው አምራች የሚጠይቀውን መጠን ማሟላቱ፣ ቢበዛም ጥቂት ብልጫ መያዙ ይበቃዋል።

ይህ ምክር በብዙ ሱቆች ከሚሰማው ጋር የሚጋጭበት ምክንያት አለ። በመለያው ላይ በጉልህ የሚጻፈው የቀዝቃዛ ማስነሻ አምፒር፣ ማለትም ባትሪው ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ቅዝቃዜ ለ30 ሰከንድ ቮልቴጁ ከ7.2 ሳይወርድ ሊሰጥ የሚችለው የአምፒር መጠን፣ የተቀረጸው በሰሜን አሜሪካ ክረምት ልክ ነው። አንድ አምራች በተወሰነ ሣጥን ውስጥ ይህን ቁጥር ከፍ ለማድረግ የሚከተለው ቀላሉ መንገድ ሰሌዳዎቹን አሳስቶ ቁጥራቸውን ማብዛት ነው፤ ሥሥ ሰሌዳ ግን በቆላ ሙቀት ፈጥኖ ይበላል። ስለዚህ እኩል መጠን ካላቸው ሁለት ባትሪዎች መካከል የቀዝቃዛ ማስነሻ ቁጥሩ መጠነኛ፣ ክብደቱና የመጠባበቂያ አቅሙ ግን ከፍ ያለው ለቆላ ሥራ የተሻለ ነው። የመጠባበቂያ አቅም የሚባለው ዲናሞው ቢበላሽ ባትሪው ብቻውን 25 አምፒር እየሰጠ ቮልቴጁ ወደ 10.5 እስኪወርድ ድረስ የሚቆይበት የደቂቃ ብዛት ነው።

ከመግዛት በፊት

ባትሪ ሲደክም ጥፋቱ ሁልጊዜ የባትሪው አይደለም፤ ዲናሞው በሚገባ በማይሞላ መኪና ላይ አዲስ ባትሪ መግጠም ገንዘብን መጣል ነው። መኪናው አንድ ሌሊት ካረፈ በኋላ በቮልት መለኪያ ሲለካ ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል፤ 12.2 ቮልት ግማሽ ያህል መሞላቱን፣ 12.0 ቮልት ደግሞ ሊያልቅ መቃረቡን ያመለክታል። ሞተሩ ሲነሣ ይኸው ንባብ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መሆን ይጠበቅበታል፤ ከዚህ ካነሰ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ይመረመራል፣ 15 ቮልት ካለፈ ደግሞ የዲናሞው መቆጣጠሪያ ባትሪውን እያፈላ ነው ማለት ነው። ሙሉ ሆኖ የተገኘ ባትሪ በጭነት መፈተኛ ሊፈተን ይገባል፤ የተለመደው ፈተና ከቀዝቃዛ ማስነሻ ቁጥሩ ግማሹን ለ15 ሰከንድ እንዲሰጥ ማድረግ ሲሆን፣ አየሩ 21 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ቮልቴጁ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ዕድሜውን ጨርሷል።

በድርጅት ፒክአፖች ላይ በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ሌላ ምክንያት አለ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሩ ተቆልፎ መኪናው የሚበላው ኤሌክትሪክ ከ50 ሚሊ አምፒር፣ ማለትም ከአንድ አምፒር ሃያኛ ክፍል፣ መብለጥ አይኖርበትም። ከፋብሪካ በኋላ የተገጠመ የጂፒኤስ መከታተያ፣ የማንቂያ ደወል ወይም የመገናኛ ሬዲዮ በአግባቡ ካልተያያዘ ይህን መጠን ብዙ እጥፍ ሊያደርገው ይችላል፤ መኪናውም ለሁለት ሳምንት ከቆመ ባትሪው ባዶውን ይገኛል። ይህ ሳይስተካከል የሚገዛ ባትሪ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ የቀዳሚውን ዕጣ ይከተላል።

መለያውን ማንበብ

የጃፓን ሥሪት ለሆኑ ፒክአፖች የሚሸጡ ባትሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚሰየሙት በጃፓን የኢንዱስትሪ ደረጃ ነው። «95 ዲ 31 አር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ባትሪ ሲወሰድ፣ 95 የባትሪውን አጠቃላይ የአቅም ደረጃ የሚያሳይ እንጂ አምፒር-ሰዓት አይደለም፤ ዲ የወርዱንና የቁመቱን ምድብ፣ 31 ደግሞ ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር በግምት ያመለክታሉ። የመጨረሻው ፊደል የሚናገረው ስለ ምሶሶዎቹ፣ ማለትም ገመዶቹ ስለሚታሰሩባቸው ጫፎች፣ አቀማመጥ ነው፤ ምሶሶዎቹ ወደ ተመልካቹ በቀረበው ጎን ሆነው ሲታዩ በኤል አሉታዊው በግራ፣ በአር ደግሞ በቀኝ ይገኛል። ይህ ፊደል ከተሳተ ገመዱ አይደርስም፤ ተጎትቶ ቢደርስ እንኳ በንዝረት ተላልጦ ከቦዲው ጋር ሊነካካና እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

በገበያው ውስጥ ከአዲሱ አሰያየም ይልቅ የቀድሞው ስም የበለጠ ይታወቃል፤ በዚህም ምክንያት አንድ ስሕተት ተደጋግሞ ይሠራል። «ኤን 70» የሚባለው ባትሪ ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ገደማ ሲሆን ከዲ 31 ጋር ይመሳሰላል፤ «ኤንኤስ 70» ግን 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ከዲ 26 ጋርም ይመሳሰላል። ስማቸው በአንድ ፊደል ቢለያይም አንዱ በሌላው ማቀፊያ ላይ በትክክል አይቀመጥም። ስለዚህ ገዢው የድሮውን ባትሪ ይዞ መሄዱ፣ ካልቻለም ማቀፊያውን ለክቶ የምሶሶዎቹን አቀማመጥ ፎቶ አንሥቶ መሄዱ፣ ስም ጠርቶ ከመግዛት ይሻላል።

አምፒር-ሰዓት የተጻፈበትን ቁጥር ሲያነጻጽሩም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 70 አምፒር-ሰዓት ማለት በተለመደው የ20 ሰዓት መለኪያ ባትሪው ለ20 ሰዓት 3.5 አምፒር ይሰጣል ማለት ነው። የጃፓን አምራቾች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት መለኪያ ግን የ5 ሰዓት ነበር፤ ባትሪ ደግሞ በፍጥነት ሲወሰድበት የሚሰጠው ጠቅላላ መጠን ስለሚያንስ፣ በ5 ሰዓት መለኪያ 64 የተባለው የዲ 31 ባትሪ በ20 ሰዓት መለኪያ 80 ገደማ ይሆናል። ይህን ያላስተዋለ ሰው 64 የተጻፈበትን ትቶ 70 የተጻፈበትን ሲገዛ አነስተኛውን መርጦ ሊሆን ይችላል።

ከዓይነቶቹ መካከል በብዛት የሚሸጡት ክዳኑ ተከፍቶ ውሃ የሚጨመርበትና በሹፌሮች ዘንድ «ደረቅ» የሚባለው ዝግ ባትሪ ናቸው፤ ሁለተኛውም ቢሆን በአብዛኛው በውስጡ ፈሳሽ አሲድ ስላለው ማዘንበል የለበትም። በዝጉ ባትሪ ውስጥ ያለው መረብ እርሳስና ካልሲየም የተደባለቁበት በመሆኑ የሚያጠፋው ውሃ አነስተኛ ነው። መኪናውን የሚከታተል ቋሚ ሹፌር ካለ፣ ለቆላ ሥራ የሚከፈተው ባትሪ ይመረጣል፤ በሙቀት የተነነውን ውሃ መልሶ መተካት የሚቻለው በእርሱ ላይ ብቻ ነውና። የሚጨመረው ግን የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ የታሸገም ሆነ የቧንቧ ውሃ ሰሌዳውን የሚጎዳ ማዕድን አለው፣ አሲድ መጨመርም ከዚህ የባሰ ጥፋት ነው። በብዙ ሹፌሮች እጅ ለሚፈራረቅ የድርጅት መኪና በአንጻሩ ዝጉ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም የሁሉም የሆነን ባትሪ ውሃ የሚያይ ሰው አይገኝም።

አሲዱ በመስታወት ቃጫ ምንጣፍ ውስጥ ተመጥጦ የተያዘበት፣ ኤጂኤም የሚባለው ባትሪ ንዝረትንና ተደጋጋሚ መውረድን በደንብ ይቋቋማል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፣ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅንና ከሞተር አጠገብ ያለ ሙቀትንም አይወድም። ለተራ ሃይሉክስ ወይም ዲማክስ ተጨማሪው ወጪ የሚያዋጣ አይደለም። መኪናው ሲቆም ሞተሩን ራሱ የሚያጠፋና መልሶ የሚያስነሣ ሥርዓት ካለው ግን ፋብሪካው ከገጠመለት ዓይነት በታች መውረድ አይገባም። የሊቲየም ባትሪ ቀላልና ረጅም ዕድሜ ያለው ቢሆንም፣ ከኮፋኖ ሥር ለሚቀመጥ ማስነሻ ተስማሚ ምርጫ አይደለም።

መኪናው ማቀዝቀዣ፣ የመጎተቻ ዊንች ወይም የረጅም ርቀት ሬዲዮ ከተሸከመ፣ ትልቅ ማስነሻ ባትሪ መግዛት መፍትሔ አይሆንም። የማስነሻ ባትሪ ሥሥ ሰሌዳዎች የተሠሩት ለአጭር ጊዜ ብዙ እንዲሰጡ ሲሆን፣ እስኪያልቁ ድረስ ጥቂት ጊዜ ከተወሰደባቸው ይሞታሉ። ለዚህ ሥራ ወፍራም ሰሌዳ ያለው ሁለተኛ ባትሪ ተገጥሞ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ከዋናው የሚለየው ማብሪያ ማጥፊያ ይደረግለታል።

ሁለት ባትሪ ያላቸው መኪኖች

በአሜሪካ የሚሠሩት ትልልቅ የናፍታ ፒክአፖች፣ ለምሳሌ የፎርድ ሱፐር ዱቲና የካሚንስ ሞተር ያላቸው ራም መኪኖች፣ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን በትይዩ አያይዘው ይጠቀማሉ፤ ቮልቴጁ 12 እንደሆነ ይቀራል፣ የሚሰጠው አምፒር ግን ይደመራል። እንዲህ በተያያዙ ባትሪዎች ላይ አንዱን ብቻ መቀየር ክፉ ቁጠባ ነው፤ ጤነኛው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ደካማው እየፈሰሰ ስለሚያድር፣ አዲሱም በአጭር ጊዜ እንደ አሮጌው ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ቀን፣ ከአንድ አምራችና ከአንድ ዓይነት መቀየር አለባቸው። በኢትዮጵያ በሰፊው የሚታወቀው የአይሱዙ ኤንፒአር ቀላል የጭነት መኪና ደግሞ ሁለቱን ባትሪዎች በተከታታይ አያይዞ 24 ቮልት ያገኛል። በዚህ ዓይነቱ ላይ የሚፈጸመው የተለመደ ጥፋት የ12 ቮልት ሬዲዮን ከሁለቱ በአንዱ ላይ ብቻ መቀጠል ነው፤ ያ ባትሪ ዘወትር ጎደሎ ሲሆን ሌላኛው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም በተለያየ መንገድ ይበላሻሉ። መፍትሔው 24ን ወደ 12 የሚቀይር መሣሪያ መግጠም ነው።

ከሱቁ እስከ ማቀፊያው

በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ የመለዋወጫ ገበያ፣ ከባትሪው ስም ይልቅ የተመረተበት ጊዜ ይመርመር። አሲድ የተሞላ ባትሪ በመደርደሪያ ላይ ሳለም ቀስ በቀስ ስለሚወርድ፣ ከስድስት ወር በላይ ሳይሞላ የቆየ ወይም ሲለካ ከ12.4 ቮልት በታች የሚያሳይ አዲስ ባትሪ መግዛት ሰልፌት የያዘ ዕቃ መግዛት ነው። አሲዱ በሱቁ የሚሞላ ከሆነ፣ ከተሞላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አርፎ በባትሪ መሙያ እንዲሞላ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሞቃት ቦታ ለሚሠራ መኪና የአሲዱ እፍጋት ከተለመደው 1.280 ዝቅ ብሎ 1.240 ገደማ ቢሆን የመረቡ መበላት ይቀንሳል፤ ከዚያ የሚጎድለው የማስነሻ ኃይል በቆላ አይታወቅም።

በአገጣጠም ላይ ከሁሉ በላይ የሚናቀው ማሰሪያው ነው። በጠጠር መንገድ ላይ ልቅ የሆነ ባትሪ በተናጠ ቁጥር ከሰሌዳዎቹ ላይ የሚሠራው ቁስ እየረገፈ ከሣጥኑ ግርጌ ይከማቻል፣ ክምችቱ ሰሌዳዎቹን ሲነካም አንዱ ክፍል በውስጥ ተገናኝቶ ይሞታል። በርካታ ባትሪዎች ከዕድሜያቸው በፊት የሚሞቱት በዚህ ምክንያት በመሆኑ፣ የጠፋን የፋብሪካ ማሰሪያ በጎማ ቁራጭ መተካት ከባትሪው ዋጋ አንጻር የማይረባ ቁጠባ ነው። ሲፈታ አሉታዊው ገመድ ይቀድማል፣ ሲገጠም ደግሞ አዎንታዊው፤ ይህ ቅደም ተከተል ከተጠበቀ መፍቻው ከቦዲው ጋር ቢነካ እንኳ ብልጭታ አይነሣም። የባትሪ ጋዝ ሃይድሮጂን ስላለው በአጠገቡ ሲጋራ ማጨስ የተከለከለ ነው።

አሮጌው ባትሪ በእርሳስ የተሞላ በመሆኑ ገዢ አያጣም፤ ቆራሌውም፣ የባትሪ ሻጩም ይወስዱታል። ክብደቱን ለመቀነስ ወይም ለመሸከም ሲባል አሲዱን በቦይ ወይም በግቢ አፈር ላይ መድፋት ግን ከአሲዱ ጋር የሟሟ እርሳስ በልጆች መጫወቻ ላይ መዝራት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለሕፃናት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም። ስለዚህ አዲስ ባትሪ የሚገዛ ሁሉ አሮጌውን ሣጥኑ ሳይሰበር፣ አሲዱም ሳይደፋ፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ለሻጩ ያስረክብ።